የፊደሉ መጠን የማን ነው?

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ መልሶ አርቆ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በመጨረሻ «እስቲ ይህን አንብቢልኝ» ብሎ ለልጁ የሚያቀብል አባት የማያውቅ ሰው የለም። ልጅቱ ታነባለች፤ አባትየው ዕድሜውን ይወቅሳል። ገጹን የሠራውን ሰው ግን አይወቅስም። የፊደሉ ማነስ እንደ ካፊያ ከሰማይ የመጣ እንጂ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው የወሰነው ነገር ሆኖ አይታየውም።

ነገር ግን ሰው የወሰነው ነው። እንዲያውም ድረ ገጽ ከተፈጠረ ጀምሮ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ውሳኔ ነው። ጭቅጭቁ ሲጠቀለል አንድ ጥያቄ ነው፦ ስክሪን ላይ ያለ ፊደል ምን ያህል ይሁን የሚለውን የሚቆርጠው ማን ነው? ያዘጋጀው ወይስ የሚያነበው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብራናና በወረቀት ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም። ቁም ጸሐፊው አንዴ ካሰፈረው፣ ማተሚያ ቤቱ አንዴ ካተመው፣ ፊደሉ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ዓይኑ የደከመ ሰው ያለው ምርጫ መነጽር ማድረግ ወይም የሌላ ሰው ዓይን መዋስ ነው። ድረ ገጽ ይህን ዕጣ ሊቀይር የሚችል ነገር ሆኖ ነበር የተወለደው።

ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ የመጀመሪያውን ብሮውዘር በ1990 መጨረሻ ላይ ሲሠራ፣ ሰነዱ የሚናገረው ስለ ራሱ አወቃቀር ብቻ ነበር። «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው» ይላል እንጂ «ርዕሱ ይህን ያህል ይተልቅ» አይልም። መልኩን የሚወስነው አንባቢው ዘንድ ያለው ብሮውዘር ነበር። ለዚህ ምክንያቱ በጣም ተራ ነው። የሰርን ሳይንቲስቶች ከተለያየ አገር የመጡ፣ የተለያየ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ነበሩ። የአንዱ ስክሪን ፊደል ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የሌላው ሥዕልም ያሳያል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ ስላልነበረ ልኩ ለአንባቢው ተተወ።

ችግሩ የጀመረው ድሩ ከሳይንቲስቶች እጅ ሲወጣ ነው። በ1993 ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሞዛይክ የተባለው ብሮውዘር ሥዕልና ጽሑፍን በአንድ ገጽ አቀረበ፤ ሕዝቡም ጎረፈ። ከሕዝቡ ጋር ማስታወቂያ ሠሪው፣ የመጽሔት አቀናባሪው፣ የኩባንያ አርማ ነዳፊው መጣ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ፊደልን በሚሊ ሜትር ለክቶ ማስቀመጥ ነው። «የገጼን መልክ እንዴት ነው የምወስነው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ «አትወስኑም» ሆነ። አንድሪሰን ራሱ በ1994 መጀመሪያ ላይ በገንቢዎች የውይይት መድረክ፣ ለእነዚህ ሰዎች ደጋግሞ «አይቻልም» ማለት እንደሚያስደስተው በሹፈት ጽፎ ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ እርሱ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ኔትስኬፕ «ይቻላል» የሚለውን መሣሪያ ይዞ ወጣ። የፊደል መጠን ከ1 እስከ 7 በቁጥር የሚሰጥበት ትእዛዝ ነበር። እርግጥ 3 ቁጥር አንባቢው ራሱ የመረጠው መጠን ስለነበረና የቀሩት ከእርሱ አንጻር ስለሚለኩ ጉዳቱ ገና ቀላል ነበር። በሩ ግን ተከፈተ።

ኔትስኬፕ ብሮውዘሩን ይፋ ከማድረጉ ሦስት ቀን በፊት፣ ጥቅምት 10 ቀን 1994፣ በሰርን ይሠራ የነበረ ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለ ኖርዌያዊ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዛሬ ሲኤስኤስ የምንለው የድረ ገጽ መልክ ማዘዣ ቋንቋ ከዚያ ነው የተወለደው። የመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ግን በኋላ የተጣለና ዛሬ ጥቂት ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፦ መቶኛ። አዘጋጁ «ዋናው ርዕስ 24 ነጥብ ይሁንልኝ» ሲል ከጎኑ ምን ያህል እንደሚፈልገው ይጽፋል። 100 በመቶ ካለ ሙሉ ሥልጣን መጠየቁ ነው። ንዑስ ርዕሱን «20 ነጥብ፣ 40 በመቶ» ካለ ደግሞ «ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል፣ ካልሆነም አልጣላም» እንደ ማለት ነው። ሥልጣኑን መጀመሪያ የሚይዘው አንባቢው ነው፤ ከዚያ ለአዘጋጁ ቆንጥሮ ይሰጣል።

እንግዲህ የፊደል መጠን ልክ እንደ ሽምግልና በድርድር እንዲያልቅ ታስቦ ነበር ማለት ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ በተግባር ግን አስቸጋሪ። የ24ና የ12 ነጥብን 40 በመቶ አማካይ የሚያወጣ ገጽ ማንንም ላያስደስት ይችላል። ሊና ሆላንዳዊው ባልደረባው በርት ቦስ መቶኛውን ትተው የቅደም ተከተል ሕግ አበጁ፤ ማን ከማን በኋላ ይናገራል፣ የመጨረሻውስ ቃል የማን ነው የሚል። ታኅሣሥ 17 ቀን 1996 ሲኤስኤስ አንድ በይፋ ጸደቀ። በዚያ እትም አዘጋጁም አንባቢውም «ይህ የግድ ነው» ብለው ከተፋጠጡ የሚያሸንፈው አዘጋጁ ነበር። በግንቦት 1998 በወጣው ሁለተኛው እትም ይህ ተገለበጠ፤ «የግድ» ለ«የግድ» ከተጋጠሙ አንባቢው ይርታ ተባለ። ምክንያቱም ተጽፏል፦ ትልቅ ፊደል ወይም የተለየ ቀለም የሚያስፈልጋቸው አንባቢዎች አሉ። በወረቀት ላይ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። የመጨረሻው ቃል ለሚያነበው ተሰጥቷል።

ወረቀቱና ሜዳው ግን አልተገናኙም።

በእነዚያው ዓመታት የድረ ገጽ ነዳፊዎች ሌላ መጽሐፍ እያነበቡ ነበር። ዴቪድ ሲግል በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ገጽን እንደ መጽሔት መቆለፍ የሚቻልበትን ዘዴ አስተማረ፤ ለቁጥር መደርደሪያ የተፈጠረውን ሠንጠረዥ እንደ ግድግዳ መጠቀም፣ አንድ ነጥብ የምታህል የማትታይ ሥዕል እየለጠጡ ክፍተት መሙላት፣ ፊደሉ አልታዘዝ ካለ ጽሑፉን ራሱን ሥዕል አድርጎ መለጠፍ። ገጾቹ አማሩ። በሠሪው ስክሪን ላይ። ሲግል ራሱ ዓመት ሳይቆይ፣ በ1997፣ ድሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አወጣ። እንዲህ ያለ ኑዛዜ በሙያው ታሪክ ብዙ አይገኝም፤ ግን መጽሐፉ ተሽጦ አልቋል፣ ዘዴውም ተለምዷል።

ከዚህ ላይ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ጣጣ ተጨመረ። የአፕል ማኪንቶሽ በአንድ ኢንች ውስጥ 72 ነጥብ አለ ብሎ ያስባል፤ ዊንዶውስ ደግሞ 96። ስለዚህ «12 ነጥብ» ተብሎ የታዘዘ ፊደል ዊንዶውስ ላይ 16 ፒክስል፣ ማክ ላይ 12 ፒክስል ሆኖ ይወጣል። ዊንዶውስ ላይ «9 ነጥብ» ብሎ ደስ የሚል ትንሽ ፊደል ያዘዘ ሰው፣ ማክ ያለው ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ ጉንዳን የሄደበት መስመር አስቀምጧል። ነዳፊዎቹ መፍትሔ ነው ብለው የያዙት በፒክስል ማዘዝን ነበር፤ 11 ፒክስል ካልክ የትም 11 ፒክስል ነው።

ቶድ ፋርነር የተባለ የደረጃዎች ተሟጋች ሁሉም ብሮውዘር ነባሩን መጠን 16 ፒክስል እንዲያደርግ ሐሳብ አቀረበ። በመጋቢት 2000 የወጣው የማኪንቶሽ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5፣ ታንቴክ ቼሊክ የመራው ሥራ፣ ሐሳቡን ተቀበለ። በዚያው ላይ ፊደሉ በምንም መለኪያ ይታዘዝ አንባቢው ሊያሳድገው የሚችልበትን ቁልፍ ጨመረ። ሌሎቹ 16ን ተከተሉ፤ ዛሬም ሰው ምንም ካልነካ የብሮውዘሩ መነሻ 16 ነው። የማሳደጊያውን ቁልፍ ግን የዚያው ኩባንያ የዊንዶውስ ብሮውዘር አልተከተለም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6፣ በ2001 ወጥቶ የዓለምን አብዛኛውን ስክሪን የያዘው፣ «የጽሑፍ መጠን» የሚል ዝርዝር ነበረው፤ በጣም ትልቅ፣ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። አዘጋጁ በፒክስል ካዘዘ ግን ዝርዝሩ አይሠራም። ሰውየው «በጣም ትልቅ»ን ይጫናል፤ ገጹ ዝም ይላል። በሕጉ ላይ አንባቢው ይርታ የተባለው በ1998 ነበር። በተግባር የብዙው ሰው ቁልፍ ከሽቦ ጋር አልተገናኘም።

ይህ እንዳይሆን የሚሉ ድምፆች አልጠፉም። በግንቦት 1999 የወጣው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድር ተደራሽነት መመሪያ በማይነቃነቅ ልክ ሳይሆን በአንጻራዊ ልክ እዘዙ ብሎ ነበር። በሚያዝያ 2000 አውስትራሊያዊው ጆን አልሶፕ፣ ነዳፊዎች ከኅትመት ይዘው የመጡት የመቆጣጠር ልማድ ድሩን እያነቀው እንደሆነና ያለመቆለፉ ጉድለት ሳይሆን ጸባዩ እንደሆነ ጻፈ። ብዙ ተነበበ። በሥራ ላይ የዋለው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ለዚህም ስንፍና ብቻ አልነበረም ምክንያቱ።

አንጻራዊው ልክ የራሱ ተንኮል ነበረበት። ኤም የሚባለው መለኪያ ከእርሳስ ፊደል ዘመን የመጣ ነው፤ ትርጉሙ «የአሁኑ ፊደል ቁመት» ነው። በኤም የተለካ ዓምድ ፊደሉ ሲያድግ አብሮት ይሰፋል። ነገር ግን ሣጥን በሣጥን ውስጥ ሲገባ ልኩ ይባዛል። የጎን ዓምዱ 0.8 ነው ተባለ፤ በውስጡ ያለው ዝርዝርም 0.8 ነው ተባለ። 16 ፒክስል 12.8 ይሆናል፣ ከዚያ 10.24። ሦስተኛ ሣጥን ከገባ ወደ 8 ይወርዳል። ነዳፊው ትንሽ ይሁን ያለው አንዴ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ጊዜ ታዘዘ። ሪቻርድ ራተር በ2004 ያስፋፋው ዘዴ የስሌቱን ራስ ምታት አቀለለ፦ የገጹን መነሻ 62.5 በመቶ ማድረግ። 16 በ0.625 ሲባዛ 10 ነው፤ ከዚያ በኋላ 1.4 ኤም ማለት 14 መሆኑን ልጅም ያሰላዋል። የመባዛቱ ችግር የተፈታው ከገጹ ሥር ብቻ የሚለካው ሬም የተባለ መለኪያ ሲመጣ ነው።

ሌላው ችግር ከፊደሉ ይልቅ የሣጥኑ ነው፤ ዛሬም በየቀኑ የሚያጋጥመው ይህኛው ነው። ነዳፊው ለአንድ ማስታወቂያ 60 ፒክስል ቁመት ሰጠ። በእርሱ ስክሪን ሁለት መስመር በልክ ገባ። አንባቢው ፊደሉን ሲያሳድግ ሁለቱ መስመር ሦስት ሆኑ። ሣጥኑ ግን 60 ነው። ሦስተኛው መስመር ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ከታች ባለው ጽሑፍ ላይ ይወጣል። የመስመሮቹ ርቀት በፒክስል ከተቸነከረ ደግሞ ፊደሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ፊደሉ እንዲያድግ መፍቀድ ብቻውን ነፃነት አይደለም፤ ቤቱም አብሮ ማደግ አለበት። ለሚያድግ ልጅ ጫማ ሲገዛ ጣት የሚያስገባ ቦታ እንደሚተወው ማለት ነው።

የብሮውዘር ሠሪዎች በመጨረሻ ጠቡን የፈቱት በዘዴ ነው። ፊደሉን ብቻ ከማሳደግ ገጹን እንዳለ፣ ከነሥዕሉ ከነሣጥኑ፣ ማጉላት። የኖርዌዩ ኦፔራ ይህን ቀድሞ ያደርግ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 7 በ2006፣ ፋየርፎክስ 3 በ2008 ተከተሉ። ነዳፊው በፒክስል ቢያዝም አንባቢው ኮንትሮልና መደመርን ተጭኖ ያጎላል። እፎይታ ነበር፤ ግን ግማሽ እፎይታ። በአንድ በኩል ሰፊ ገጽ በጎላ ቁጥር ከስክሪኑ ይወጣና ሰውየው እያንዳንዱን መስመር ለማንበብ ወደ ቀኝ፣ ለሚቀጥለው ወደ ግራ እየጎተተ ይውላል። በሌላ በኩል ነዳፊዎቹ «እንግዲህ ማጉያ አለ አይደል» ብለው ወደ ፒክስላቸው ተመለሱ። አንድ ሰው አንዴ ብሮውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ «ለእኔ መነሻው 24 ይሁን» ቢል፣ በፒክስል የታዘዘ ገጽ ዛሬም አይሰማውም። ገጹን ራሱን ማጉላት አለበት።

«ይህን ማስተካከያ የሚነካ ሰው አለ?» የሚለው ክርክር ለዓመታት ያለ ቁጥር ሲካሄድ ቆይቶ፣ በ2018 ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የራሱን ጎብኚዎች ቆጠረ። ከመቶ ሦስት ያህሉ ነባሩን የፊደል መጠን ቀይረው ተገኙ። ሦስት በመቶ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከመቶ ሰው ሦስቱ የማይገቡበት በር ያለው ባንክ ቢኖር፣ በሩ ጠባብ ነው ይባላል እንጂ ሰዎቹ ወፍራም ናቸው አይባልም።

ስልክ ሲመጣ ታሪኩ ከመጀመሪያው ተደገመ። በሰኔ 2007 ለገበያ የቀረበው አይፎን ገጾች ሁሉ ለኮምፒውተር እንደተሠሩ ስለሚያውቅ 980 ፒክስል ስፋት ያለው ስክሪን ነኝ ብሎ ዋሽቶ ገጹን ያሳንሰዋል፤ አንባቢው በሁለት ጣቱ ይከፍተዋል። በግንቦት 2010 ኢታን ማርኮት ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን የሚያቀናብርበትን አሠራር ስም ሰጥቶ አስተዋወቀ፤ አንድ ገጽ ለሁሉም ስክሪን። ይህ የድሩን መልክ ከቀየሩት ጽሑፎች አንዱ ነው። ነገር ግን በዚያው ወቅት አንዲት መስመር ከገጽ ወደ ገጽ ስትገለበጥ ተስፋፋች፤ «ተጠቃሚው እንዳያጎላ» የምትል። ገጹ ለስልክ ተሠርቷልና ማጉላት ምን ያደርግለታል ነው ነገሩ። እንደ መተግበሪያ እንዲመስል፣ ሲነካ እንዳይንቀሳቀስ። አፕል በ2016 በስልኩ ላይ ያለው ሳፋሪ ይህችን መስመር እንዳይሰማ አደረገ። የአንድሮይዱ ክሮምም ክልከላውን የሚሽር ማስተካከያ አለው፤ ግን ሄዶ የሚያበራው አንባቢው ነው።

መመሪያዎቹም እየጠበቁ ሄዱ። በታኅሣሥ 2008 የወጣው ሁለተኛው የተደራሽነት መመሪያ ጽሑፍ ይዘቱም ሥራውም ሳይጎድል እስከ 200 በመቶ ማደግ አለበት አለ። በሰኔ 2018 የተጨመረው ደግሞ በ320 ፒክስል ስፋት ውስጥ ጽሑፉ ወደ ጎን ሳያስጎትት ራሱን አጥፎ መቀመጥ እንዳለበት ደነገገ። 320 ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ 1280 ስፋት ያለውን ስክሪን አራት እጥፍ ያጎላ ሰው የሚቀርለት ቦታ ነው።

በግዕዝ ፊደል የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ ከሌሎች በላይ ይከፍላል። የላቲን ፊደል አንባቢ የቃሉን ቅርጽ በጥቅሉ ገምቶ ያልፋል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ እግር ላይ፣ ወገብ ላይ፣ ራስ ላይ ባለች ጭረት ነው። ለ እና ሉ፣ ሊ እና ላ፣ ቀ እና ቁ፤ በ11 ፒክስል ያቺ ጭረት አንዲት ነጥብ ትሆናለች፣ ወይም ጭራሽ ትጠፋለች። ነዳፊው ለእንግሊዝኛ የመረጠውን መጠን ሳይነካ ቃሉን ብቻ ወደ አማርኛ ሲያስቀይር የእንግሊዝኛው አንባቢ ያነባል፣ የአማርኛው ይገምታል። በዚያ ላይ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም ተሸክሞ የሚሄድ ነውና «አልተመዘገበላቸውም» የሚለው አንድ ቃል ጠባብ ቁልፍ ውስጥ ሲገባ የሚታጠፍበት ቦታ የለውም። 

የአማርኛ ድር አጀማመሩም በተቆለፈ ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት ጽሑፍ በድር ላይ ለማውጣት ወይ አንባቢው ልዩ ፎንት አውርዶ መጫን ነበረበት፣ ወይ ጽሑፉ ሥዕል ሆኖ ይለጠፋል። ከመዝገቡ በኋላም ቢሆን ፎንቱ በየኮምፒውተሩ እስኪገባ ዓመታት ወሰደ፤ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ ለሕዝብ በቀረበበት በ2007 ነው። ሥዕል መለጠፍ የዚያ ዘመን ግዴታ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ዛሬ ግን ስልኩ ሁሉ አማርኛ ያነባል። የመሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ግን አሁንም የሚወጣው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ሆኖ ነው። ሠራተኛው ደብዳቤውን ኮምፒውተር ላይ ይጽፈዋል፣ ያትመዋል፣ ያስፈርመዋል፣ ማኅተም ያስመታበታል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ይለጥፈዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሊያድግ፣ ሊታጠፍ፣ ሊፈለግ፣ ለዓይነ ሥውር ጮክ ብሎ ሊነበብ ይችል የነበረው ጽሑፍ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የጽሑፍ ሥዕል ሆኗል። ማኅተሙ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ ነው፤ ሐሰተኛ ደብዳቤ በሞላበት ጊዜ ሰው ማኅተም ይፈልጋል። ከፎቶው ሥር ያንኑ ቃል በጽሑፍ ለመለጠፍ ግን የሚወስደው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ጽሑፉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አለ። የፈተና ምዝገባ ቀን፣ የግብር ማብቂያ፣ የመብራት መቋረጥ ፕሮግራም፣ ከውጭ አገር ላሉ ዜጎች የሚወጣ የፓስፖርት ማሳሰቢያ፣ ሁሉም በጎን እየተጎተተ፣ ፎቶው እየደበዘዘ ይነበባል።

በገዛ ራሱ ገጽ ላይ የሚሆነውን ማወቅ ለሚፈልግ የመሥሪያ ቤት፣ የባንክ ወይም የሚዲያ ኃላፊ መሞከሪያው ቀላል ነው። ገጹን ኮምፒውተር ላይ ይክፈት፣ ኮንትሮልን ይዞ መደመርን 200 በመቶ እስኪል ይጫን፣ እስከ ታች ያንብብ። ከዚያ ያጎላውን ወደ 100 መልሶ፣ የብሮውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የፊደሉን መጠን «በጣም ትልቅ» ያድርግና ገጹን እንደ አዲስ ይጫን። በሁለተኛው ሙከራ ፊደሉ ንቅንቅ ካላለ፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ልኩን በፒክስል ቸንክሮታል፤ ያንን ፋይል የሚያስተካክለው ባለሙያ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።